ስለሚፈሩ ልጆችና እንቅልፍ ስለሚያመጣው ሽሮፕ

በአርሲ ደጋ ክረምቱ ረዥም፣ ጧቱም ብርዳም ስለ ሆነ፣ ልጆች ያሉበት ቤት ካለፈው ጉንፋን የተረፈ የሽሮፕ ጠርሙስ አያጣም። ጠርሙሱ የተገዛው ለአፍንጫ ፈሳሽ ወይም ሰውነትን ለሚያሳክክ አለርጂ ነው። ነገር ግን እናት መድኃኒቱን በሰጠችበት ሌሊት ልጇ ሳይባንን ማደሩን ታስተውላለች። ከዚያ ወዲህ ልጁ በሌሊት እየጮኸ ሲነሣ፣ ወይም ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ የበሩን መቃን ይዞ ሲያለቅስ፣ ወይም በፈተና ዋዜማ እህል አልቀምስም ሲል፣ ያ ጠርሙስ ትዝ ይላታል፤ «ምናልባት ያረጋጋው እንደ ሆነ» ብላ አንድ የሻይ ማንኪያ ትሰጠዋለች። ጥቂት ቆይቶ ልጁ ዝም ይላል። እናትም ትደሰታለች፤ ነገሩን ለጎረቤቷ ትነግራታለች፤ ጎረቤቷም ለልጇ እንዲሁ ታደርጋለች።

እኛ በዚህ ወር ጽሑፋችን ልንመረምር ያሰብነው ይህን ዝምታ ነው። ልጁ ዝም ያለው ፍርሃቱ ስለ ለቀቀው ነውን? ወይስ ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ የሚገልጥበት ኀይል ስለ ደከመበት ነው? ጥያቄው ለሐኪሞች ብቻ የሚተው አይደለም። የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአርቦዬም ሆነ በአሰላ፣ በአርሲ ደጋ ባሉትም ትንንሽ ከተሞች ሁሉ፣ የሚፈራውን ልጅ ከሐኪም አስቀድሞ የሚያየው መምህሩ ነው። ሽሮፕ ጠጥቶ የመጣውንም ልጅ በወንበሩ ላይ ሲያንጎላጅ የሚያገኘው እርሱ ነው።

አስቀድሞ የመድኃኒቶቹን ምንነት መግለጽ ያስፈልጋል። ሰውነታችን ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይሠራል፤ የማይስማማን አቧራ፣ የአበባ ብናኝ ወይም የነፍሳት መርዝ በገባብን ጊዜ ይህ ንጥረ ነገር ከተከማቸበት ይለቀቅና አፍንጫን ያፈስሳል፣ ዐይንን ያቀላል፣ ቆዳን ያሳክካል። ሄንሪ ዴልና ፓትሪክ ሌድሎ የተባሉ ሊቃውንት በእንግሊዝ አገር የሂስታሚንን ጠባይ በ1910 ገለጹ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በፓሪስ በፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ዳንኤል ቦቬም የሂስታሚንን ሥራ የሚገታ የመጀመሪያውን ንጥረ ነገር በ1937 አገኘ፤ ለዚህና ለሌሎች ሥራዎቹም በ1957 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ዳይፈንሃይድራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ክሎርፌኒራሚንና የመሳሰሉት ሁሉ በአንድነት ፀረ-ሂስታሚን ይባላሉ። ለጉንፋን፣ ለማሳከክ፣ በመኪና ጉዞ ለሚያስመልሰውም ሰው ከሚሸጡት ሽሮፖችና እንክብሎች ብዙዎቹ ከእነዚህ የአንዱን ስም በጠርሙሱ ላይ ይዘው ይገኛሉ።

መድኃኒቶቹ ሰውን እንደሚያረጋጉ ያስተዋለችው የአርቦዬ እናት ብቻ አይደለችም። ፈረንሳዊው የባሕር ኀይል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሄንሪ ላቦሪ ለሕሙማኑ ፕሮሜታዚን ሲሰጥ ልባቸው ረግቶ እንደሚቆይ አይቶ ነበር። የእርሱን ምልከታ ተከትሎ ከዚያው ቤተ ሰብ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት በ1950 መጨረሻ ተሠራ፤ በ1952ም ለከባድ የአእምሮ ሕመም መዋል ጀመረ። እንዲሁም ሃይድሮክሲዚን የተባለው ፀረ-ሂስታሚን በቤልጅየም ተሠርቶ በ1956 «አታራክስ» በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ስሙ የተወሰደው የማይታወክ ልቡና የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። መድኃኒት ገና ሲወለድ እንዲህ ያለ የሰላም ስም ከወጣለት ዘንድ፣ ሰው ሰላምን ከጠርሙሱ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ሐኪሞች ይህን መድኃኒት ለማሳከክም፣ ለጭንቀትም፣ ለቀዶ ሕክምና የሚዘጋጀውን ሕመምተኛ ለማረጋጋትም ያዝዙት ጀመር፤ ለልጆችም ጭምር አዘዙት፤ ዛሬም በልዩ ልዩ አገሮች ይታዘዛል።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የሚያረጋጋበትን መንገድ ማወቅ ያሻል። ሂስታሚን በአንጎል ውስጥ ሌላ ሥራ አለው፤ ይኸውም ሰው ነቅቶ እንዲቆይ ማድረግ ነው። በአንጎል ሥር ያሉ ጥቂት ሕዋሳት ሰው ነቅቶ ሳለ ሂስታሚንን ወደ ልዩ ልዩ የአንጎል ክፍሎች ይልካሉ፤ ሰው ሲተኛ እነርሱም ያርፋሉ። የቀድሞዎቹ ፀረ-ሂስታሚኖች ከደም ወደ አንጎል ዘልቀው ስለሚገቡ ይህን የንቃት መልእክት ያግዱታል። ስለዚህ የልጁ ዐይን ይከብዳል፣ እጁ ይዝላል፣ ሐሳቡ ይደበዝዛል። ሌባ መጣ ብሎ የሚጮኸውን ዘበኛ ማስተኛት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ጩኸት አይሰማም፤ ሌባው ግን ከግቢው አልወጣም። በቅርብ ዘመን የመጡት ሎራታዲንና ሴቲሪዚን ወደ አንጎል የሚገቡት እጅግ በጥቂቱ ነው። ሴቲሪዚን ሰውነታችን ሃይድሮክሲዚንን ፈጭቶ የሚያወጣው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ማሳከክን ደኅና አድርጎ ያስታግሳል፤ ነገር ግን ጭንቀትን ያርቃል ብሎ የሚያዝዘው የለም። የሚያረጋጋው ነገር በአመዛኙ የአንጎል መደንዘዝ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ድንዛዜውም ቢሆን አይዘልቅም። መድኃኒቱ በየቀኑ ሲሰጥ ሰውነት ይለምደውና በጥቂት ቀናት ውስጥ የማስተኛት ኀይሉ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ወላጅ «አንድ ማንኪያ አልበቃውም» ይልና ሁለት ያደርጋል። የፍርሃቱ ምክንያት ግን፣ የክፍሉ መምህር አለንጋም ይሁን የአባትና የእናት ጠብ፣ በነበረበት አለ።

እዚህ ላይ አንባቢያችን ጥቂት ይታገሡን፤ የነገሩ ሥር ይህ ነውና። ልጅ ከፍርሃት የሚላቀቀው የሚፈራውን ነገር ነቅቶ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከሚያምነው ሰው ጋር እየተጋፈጠ፣ «ልቤ መታ፣ ቆይቶ ደግሞ ረጋ፤ ክፉ ነገርም አልደረሰብኝም» የሚለውን በገዛ ሰውነቱ ሲማር ነው። ይህ ትምህርት እንደ ንባብና እንደ ሒሳብ የነቃ አእምሮ ይፈልጋል። በሽሮፕ የደነዘዘ ልጅ ትምህርት ቤት ደርሶ ቢመለስም መልመዱ አጠራጣሪ ነው፤ ቀኑ እንደ ጉም አልፎበታልና። ከዚህም በላይ፣ የሄደው በራሱ ጉልበት ሳይሆን በጠርሙሱ ጉልበት መሆኑን ያምናል፤ ጠርሙሱ ባለቀ ቀን ፍርሃቱ ይበረታል። ተማሪዎች በሚፈሩት ፈተና፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ሚኒስትሪ» በሚለው በ8ኛው ክፍል ፈተና ጧት፣ እንዲህ ያለውን መድኃኒት ለልጅ መስጠት ዓመት ሙሉ ያጠናውን ጥያቄው ፊት ሲደርስ እንዳያስታውሰው ማድረግ ነው። በዋዜማው ምሽት የተሰጠ እንደ ሆነም ስሜቱ እስከ ረፋድ ሊቆይ ይችላል።

ስለ ጉዳቱ ደግሞ ሳናስፈራ፣ ሳንሸሽግም እንናገራለን። እነዚህ መድኃኒቶች አፍን ያደርቃሉ፣ ሆድን ያደርቃሉ፣ ዐይንን ያደበዝዛሉ፣ ልብን ያስመታሉ፣ ሽንትንም ሊይዙ ይችላሉ። አንዳንድ ልጅ መድኃኒቱን ሲወስድ እንደ ማንቀላፋት ፈንታ ይቅበጠበጣል፣ ይለፈልፋል፣ ያለቅሳል፤ ወላጅም ጭንቀቱ ባሰበት ብሎ ይጨምርለታል። ፕሮሜታዚን በአንዳንድ ልጅ ላይ አንገትን የሚያጣምም፣ ዐይንን ወደ ላይ የሚያገላብጥ፣ መንጋጋን የሚቆልፍ የጡንቻ መኮማተር ያመጣል። ይህን ያየ ቤተ ሰብ ልጁን ክፉ መንፈስ ያዘው ብሎ ቢደነግጥ አያስገርምም። ምክንያቱ ግን ከመደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ጠርሙስ ነው፤ በጤና ተቋምም በመርፌ ቶሎ የሚፈታ ነገር ነው። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃንማ ፕሮሜታዚን ትንፋሽን ሊያቆም ስለሚችል፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2004 ጽኑ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ ላይ እንዲጻፍ አዝዟል። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2015 ሃይድሮክሲዚን የልብን ምት ሊያዛባ መቻሉን መርምሮ መጠኑን ቀንሷል። በቀን ለአዋቂ ከ100 ሚሊግራም፣ ክብደቱ እስከ 40 ኪሎ ለሆነ ልጅም በእያንዳንዱ ኪሎ ከ2 ሚሊግራም እንዳያልፍ ወስኗል። ይህ ቁጥር ሐኪሙ የማያልፈው ወሰን ነው እንጂ በቤት ውስጥ የሚሰፈርበት መስፈሪያ አይደለም፤ የሻይ ማንኪያዎቻችንም መጠናቸው አንድ አይደለምና።

በተለይ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው የሚጥል ሕመም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ናቸው። በአገራችን ለዚህ ሕመም ፊኖባርቢታል የሚወስዱ ብዙዎች ናቸው። ፊኖባርቢታል ራሱ የሚያስተኛ መድኃኒት ስለ ሆነ፣ በላዩ ፀረ-ሂስታሚን ሲጨመር እንቅልፉ ከመጠን አልፎ ትንፋሽን ሊያዳክም ይችላል። ደግሞም የቀድሞዎቹ ፀረ-ሂስታሚኖች የሚጥለውን ሕመም ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ጎልማሳ ልጆችም አይዘንጉ፤ በ2020 በአሜሪካ አገር ወጣቶች በማኅበራዊ መገናኛ በተሰራጨ ውድድር ተታለው ዳይፈንሃይድራሚንን ከመጠን በላይ እየዋጡ ለሞት እስከ መድረሳቸው ተሰምቶ፣ መሥሪያ ቤቱ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ሕዝቡን አስጠንቅቋል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ከቶ አይረባም ማለታችን ነውን? አይደለም። ለማሳከክና ለአለርጂ የታወቀ ጥቅም አለው። ቀዶ ሕክምና የሚደረግለትን የፈራ ልጅ ሐኪም አጠገቡ ቆሞ በዚህ መድኃኒት ቢያረጋጋው ሥርዓት ያለው አሠራር ነው፤ ፍርሃቱ የአንድ ቀን ነው፣ ልጁም ከሐኪሙ ዐይን አይለይም። በአዋቂዎችም ዘንድ በ2010 የታተመ የጥናቶች ክምችት ምርመራ ሃይድሮክሲዚን መድኃኒት ከሌለበት አስመሳይ እንክብል የተሻለ መሆኑን አሳይቷል፤ ሆኖም ተመራማሪዎቹ የመጀመሪያ ምርጫ እንዲሆን አልመከሩም። ለልጆች የዘወትር ጭንቀት ግን ማስረጃው እጅግ ቀጭን ነው። በዚህ ፋንታ ሌላው መንገድ በሚገባ ተፈትኗል። በ2008 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 488 የጭንቀት ሕሙማን ልጆችን ለ12 ሳምንታት ተከታትሏል። ፍርሃታቸውን ደረጃ በደረጃ እንዲለማመዱት በምክር ብቻ ከታከሙት ከመቶው 60 ያህሉ በጉልህ ተሻላቸው። ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 55 ያህሉ፣ ሁለቱን በአንድነት ካገኙት 81 ያህሉ፣ አስመሳዩን እንክብል ከወሰዱት ደግሞ 24 ያህሉ ተሻላቸው። ሰርትራሊን ፀረ-ሂስታሚን አይደለም፤ ባለሙያ የሚያዝዘውና የሚከታተለው ሌላ ዓይነት መድኃኒት ነው። እኛን እጅግ ያስደነቀን ግን ያለ አንዳች ጠርሙስ የዳኑት ልጆች ብዛት ነው።

በአገራችን ይህን ዓይነቱን ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ እንደ ልብ እንደማይገኝ እናውቃለን። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ለብዙ ዘመን የሚታወሰው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ አገር ሄደው ይማሩ ነበር። በ2010 ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምናን በተራ ጤና ጣቢያዎች ለማዳረስ ያወጣው ዕቅድ አስቀድሞ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ይኸው ድርጅት የሚያወጣው መመሪያ፣ ልዩ ሥልጠና የሌለው የጤና ሠራተኛ ለልጅ የጭንቀት ሕመም መድኃኒት እንዳይጀምር ይመክራል። እንግዲህ የሠለጠነው የጤና ሠራተኛ እንኳ እንዲታቀብ የተመከረበትን ነገር በወጥ ቤት ማንኪያ መፈጸም እንዴት ያለ ድፍረት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። የልጆች ጭንቀት የባዕድ አገር ሕመም ነው የሚልም አይጠፋ ይሆናል፤ ነገር ግን በቡታጅራ አካባቢ በኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ተጠንቶ በ2001 በታተመ ጽሑፍ፣ በልጆች ላይ ከተገኙት የአእምሮና የጠባይ ሕመሞች መካከል ጭንቀት ከፊተኞቹ ረድፍ ተሰልፏል።

ባለሙያው እስኪገኝ ድረስ መምህሩ ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነው፤ የሚጀምረውም ከመስማት ነው። ልጅ «ተጨንቄአለሁ» አይልም፤ «ሆዴን አመመኝ» ይላል። ይህ ውሸት አይደለም። አማርኛችን ራሱ ሐዘንንና ስጋትን ያስቀመጠው በሆድ ውስጥ ነው፤ ሆዴ ባባ፣ ሆዴ ፈራ፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ እንላለን። በአርሲ ልጆች ዘንድ በሚነገረው በአፋን ኦሮሞም «ገራ» የሚለው ቃል ሆድንም ስሜት የሚያድርበትን ልብንም ያመለክታል። ሰውነትም ቃሉን ይመሰክራል፤ የፈራ ሰው አንጀቱ ይኮማተራል፣ ሽንቱ ይመላለሳል፣ እጁ ያልበዋል። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ጧት ብቻ ሆዱን የሚያመውን፣ ቅዳሜና እሑድ ግን የሚፈነድቀውን ልጅ መምህሩ በመዝገቡ ያስታውሰው። ልጁንም ለብቻው ጠርቶ፣ ቤቱ በሚናገርበት ቋንቋ፣ ቀስ ብሎ ይጠይቀው። በሌላ ቋንቋ የተጠየቀ ፍርሃት መልሱ አንገት መድፋት ብቻ ነውና።

የፍርሃቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ በእጅ የሚዳሰስ ሆኖ ይገኛል። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ በከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚማር የ14 ዓመት ልጅ ሌሊት ብቻውን ያድራል። ሌላይቱ እናቷ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ሄዳ ድምፅዋን በስልክ ብቻ የምትሰማ ናት፤ ስልኩ የዘገየ ሳምንት ቀለም አይገባትም። አንዱ መንገድ ላይ የሚደበድቡትን ትልልቅ ልጆች ይፈራል። አንዱ ሰሌዳው አይታየውም፤ ሳይጠራ እንዲያልፍ ይጸልያል፤ የሚያስፈልገው መነጽር ነው። እኛ የንጽሕና ጽሑፍ የምናዘጋጅ እንደ መሆናችን አንዱን ምክንያት ዘለን ማለፍ አንችልም፤ ይኸውም መጸዳጃ ቤት ነው። በር የሌለው፣ መቀርቀሪያው የተነቀለ፣ ጨለማ የሆነ መጸዳጃ ያለበት ትምህርት ቤት ብዙ ልጃገረዶችን ያስፈራል። ውሃ ሳይጠጡ፣ ሽንታቸውን ይዘው ይውላሉ፤ በመጨረሻም መቅረት ይጀምራሉ። ለእንዲህ ያለችው ልጅ ሽንትን የሚይዝ ሽሮፕ መስጠት በቁስል ላይ እንጨት እንደ መስደድ ነው። የእርሷ መድኃኒት ሁለት ማጠፊያና አንድ መቀርቀሪያ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ለመምህራን የምንጽፍ ስለ ሆንን ማለፍ አይገባንም። በ1994 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አለንጋው ግን ከሁሉም ክፍል ገና አልወጣም። ዕለት ዕለት የሚገረፍ ልጅ መፍራቱ ሕመም ሳይሆን ጤንነት ነው። ይህን ፍርሃት በመድኃኒት ማስተኛት ከግርፋቱ የማይተናነስ በደል ይመስለናል።

ምክንያቱ ከተገኘ በኋላም ፍርሃቱ ወዲያው ላይለቅ ይችላል። ልጁን ከሚፈራው ነገር ፈጽሞ ማራቅ ቸርነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ፍርሃቱን መቀለብ ነው። በአንድ ጊዜ ወደ እሳቱ መወርወርም አይበጅም። ሰሌዳ ፊት ወጥቶ ማንበብ የሚያስደነግጠው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት አጠገቡ ለተቀመጠው ጓደኛው ብቻ ያንብብ፤ በሁለተኛው ለሦስትና ለአራት ልጆች፤ በሦስተኛው በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ለክፍሉ፤ ከዚያም በወንበሩ አጠገብ ቆሞ፤ በመጨረሻ ሰሌዳው ፊት። ልቡ ሲመታ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ትንፋሹን በቀስታ፣ ረዘም አድርጎ ማውጣትን ይማር። በእያንዳንዱ ደረጃ ልቡ እስኪረጋ ድረስ ይቆይበት፤ ገና ሲንቀጠቀጥ አይቀመጥ። የሳቀበት ልጅ ቢኖር መምህሩ ሳቁን ያስቁም፤ ስለ ፈሪነቱ ግን በክፍሉ ፊት ንግግር አያድርግ። ትምህርት ቤት አልሄድም ያለችውም ልጅ በተመሳሳይ መንገድ ትመለስ፤ የመጀመሪያው ቀን እስከ በሩ፣ የሚቀጥለው እስከ ረፍት ሰዓት ይሁን። ሥራው ሳምንታትን ይወስዳል፤ 60 እና 70 ልጆች ላሉበት ክፍል መምህር ይህን መጠየቅ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ከክፍሉ ልጆች አንድ ታማኝና ደግ የሆነውን መርጦ አጠገቡ ማስቀመጥ ከሥራው እኩሌታውን ያቃልላል።

ወላጆችም በበኩላቸው ልጁ የሚተኛበትን ሰዓት ይወስኑለት፤ ከመተኛቱ በፊት ስልክና ቴሌቪዥን ይራቁለት፤ ቡናና ጠንካራ ሻይ በምሽት አይስጡት። በድንጋጤ ነው ብለው ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት የሚረጩበት ልማድ ቢቀር እንመርጣለን፤ የፈራውን ልጅ ዳግመኛ ማስደንገጥ ነውና። ወደ ጸበል ወይም ወደ ሼኹ ዱዓ የሚወስዱ ቤተ ሰቦች በእምነታቸው መጽናናትን ያገኛሉ፤ ልጁም እጁን የያዘው ሰው መኖሩን ያውቃል። የምንለምናቸው ለሚጥል ሕመም ወይም ለሌላ በሽታ የታዘዘ መድኃኒት በዚያ ምክንያት እንዳይቋረጥና ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድበት ቀን እንዳይዘገይ ብቻ ነው።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚወሰደውም እንዲህ ያለው ልጅ ነው፦ ፍርሃቱ ከአንድ ወር በላይ የቆየ፣ ከትምህርት ያስቀረው፣ ክብደቱ የቀነሰ፣ ሌሊቱን የማይተኛ፣ ወይም መሞትን የሚያነሣ። የመጨረሻውን ቃል የተናገረ ልጅ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ዕለት፣ ብቻውን ሳይተው ይወሰድ። በጤና ጣቢያው የደም ማነስን፣ የሆድ ትላትልን፣ የጆሮና የዐይን ችግርን ካጣሩ በኋላ፣ ካስፈለገ በአሰላ ወዳለው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ሊልኩት ይችላሉ። ወላጅ ከቤት ሲነሣ የልጁን ክብደት፣ ፍርሃቱ የሚነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ የሰጠውንም መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ይዞ ቢሄድ ለሐኪሙ ሥራውን ያቀልለታል። «ሽሮፕ ሰጥቼው ነበር» ብሎ ለመናገር ማፈር አይገባም።

ሐኪሙም መርምሮ ፀረ-ሂስታሚን ቢያዝዝ፣ ለምን እንዳዘዘው፣ ለስንት ቀን እንደሚሰጥ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ይጠየቅ፤ ልጁ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል ሕመም ካለበት፣ ሌላም መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ይነገረው። መጠኑ ከጠርሙሱ ጋር በተሰጠው መስፈሪያ እንጂ በማንኪያ አይለካ። ከተረፈው ለታናሹ ወንድም አይስጡ፤ ለጎረቤትም አያውሱ፤ የተረፈውን ለማስወገድ የመድኃኒት ቤቱን ባለሙያ ያማክሩ። ሽሮፕ ጣፋጭ ስለ ሆነ ልጆች ሠርቀው ይጠጡታልና ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጥ። ልጅ ከመጠን በላይ ጠጥቶ ቢገኝ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ቆዳው ደርቆና ግሎ፣ የዐይኑ ብሌን ሰፍቶ፣ የሌለውን ነገር እያየ ቢቀባዥር፣ ወይም ቢያንቀጠቅጠው፣ ለማስመለስ አይሞከር፤ ወተትም አይጋት። በጎኑ አስተኝተው፣ የጠጣበትን ጠርሙስ ከነክዳኑ ይዘው፣ ሌሊትም ቢሆን በቅርብ ወዳለው የጤና ተቋም ይሂዱ።